ቃሬዛ ላይ የወጣችው ጀልባ

የዛን ቀን ጠዋት የእድሩን ድንኳን አሰጣ ነበር። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ዝናብ ሲወርድበት ከርሞ፣ ሸራው ውሃ እንደጠጣ ነው የመለሱት። እርጥብ ሸራ ተጣጥፎ ካደረ ይሻግታል፤ ከሻገተ ደግሞ የሚቀጥለው ሟች ቤት ከሰው በፊት ሽታው ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ፀሐይ ብቅ ስትል ጎትቼ አወጣሁትና ከጣሪያው እስከ አጥሩ በታሰረው ገመድ ላይ ጣልኩት። ግቢው መሐል ግድግዳ የቆመ ነው የሚመስለው። እኔ ከወዲያ በኩል ሆኜ ጭቃውን በዱላ እደበድባለሁ፤ ከወዲህ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ አላይም።

ቁልፉን ደግሞ የዕቃ ቤቱ በር ላይ እንደተሰካ ትቼዋለሁ። ይሄንንም ጻፊው። የራሴን ጥፋት ዘልዬ የሰው ብቻ አላወራም።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ግን የእድራችን ዕቃ ቤት እኛ ግቢ ጥግ ላይ ስለተሠራ፣ ደርግ ሳይወድቅ ጀምሮ ቁልፉ እኔ አንገት ላይ ነው የሚውለው፣ በጥቁር ክር። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ሰሃኑ፣ ቃሬዛው፣ ሁሉም በኔ እጅ ነው የሚወጣ የሚገባው። መዝገብ የለኝም። ግን የትኛው ድስት የማን ቤት ለቅሶ ላይ ጆሮው እንደተሰበረ ጠይቂኝ! ከዛ አዲሱ የእድሩ ሊቀመንበር መጣ፤ ቢሮ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ቅዳሜም ከረባት የሚያስር ሰው። "ዕቃ ሲወጣም ሲገባም መፈረም አለበት፤ ቁልፉ ጽሕፈት ለሚያውቅ ሰው ይሰጥ" እያለ መወትወት ጀመረ። በሚመጣው እሁድ ስብሰባ ላይ ሊወሰን ነው። አንዲት ማንኪያ ብትጎድል ቁልፌ ሄደ ማለት ነው። ባሌ፣ ያንቺ አያት፣ ይሄን ከማንም በላይ ያውቃል። እያወቀ ነው ያደረገው።

አያትሽ ዕድሜውን ሁሉ ወሰን ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ ነው የኖረው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ቀበና የሚኖር አንድ ፈረንጅ መኪናው ሲበላሽበት ይጠራው ነበር። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሊሄድ ሲል ዕቃውን ለሰው አደለ። ለአንዱ ፍሪጅ፣ ለአንዱ ሶፋ። ለኛው ሰውዬ ደግሞ ጀልባ! ሰው የሚቀመጥባት እንዳትመስልሽ። የጨዋታ ናት፣ በሪሞት ነው የምትሄደው። ግን የጨዋታ ትባል እንጂ ከአልጋችን የምታንሰው በአንድ ክንድ ነው። ሆዷ ቀይ፣ ጀርባዋ ነጭ፣ አፍንጫዋ ሹል። በፒክአፕ አስጭኖ መጥቶ ሳሎን መሐል ጎለታት።

"ፍሪጁን ለማን ሰጠው?" አልኩት።

"ለዘበኛው።"

"አንተ ፍሪጅ አትፈልግም?"

"መብራት በሌለበት ቤት ፍሪጅ ምን ያደርጋል?"

በዛን ጊዜ መብራት በፈረቃ ነው፤ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። እውነቱን ነው አልኩ። ወሩ ሳይሞላ "ይቺን ጀልባ በኤሌክትሪክ አደርጋታለሁ" ሲል ሰማሁት። እንዲህ ነው የሱ ነገር።

መጀመሪያ የቤንዚን ሞተር ነበራት፣ እንደ እንጨት መሰንጠቂያው ያለ። ግቢ ውስጥ አስነሳት። ጭሱ! ጩኸቱ! ዶሮዎቼ ስንት ቀን እንቁላል አቆሙ። ደግነቱ ሞተሩ ነከሰና ቀጥ አለ። መለዋወጫውም እዚህ አገር የለም። እሰይ፣ ተገላገልኩ አልኩ። የት ተገላግዬ!

ጋራዡ ውስጥ ያሉት ወጣቶች አዲስ መኪና በመጣ ቁጥር "ፋዘር፣ ይሄ በኮምፒውተር ነው፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ" ይሉት ነበር፣ ጡረታ ሳይወጣ በፊት። ያ ነገር ሆዱ ውስጥ ቀርቷል። አሁን ነው የገባኝ። ያን ጊዜ ግን የገባኝ ሳሎኔ ጋራዥ መሆኑ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የመኪና መስታወት መጥረጊያ ሞተር ገጠመላት። ፕሮፔለሯ፣ ቂጧ ላይ ሆና ውሃውን የምትገፋው፣ ወጥ እንደምታማስል ሰነፍ ሴት እያዛጋች ዞረች። "ጉልበት ያንሳታል" አለ። ቀጥሎ ሞተሪኖ፣ መኪና የሚያስነሳውን፣ አመጣ። እሱ ደግሞ ባትሪውን ባንድ ትንፋሽ ጠጥቶ ጨረሰና ሽቦው ተቃጠለ፤ ቤቴ ሙሉ ሳምንት ጎማ ጎማ ሸተተ። በሦስተኛው የትንሽ መኪና ራዲያተር ላይ የሚሽከረከረውን የማራገቢያ ሞተር ይዞ መጣ። እሱ እሺ አለ።

እሺ ያለው ሞተሩ ነዋ! ሌላው ገና ነው። ሞተሩና የፕሮፔለሯ ዘንግ አፍ ለአፍ ልክ ካልገጠሙ ትንቀጠቀጣለች ብሎ፣ ክር ወጥሮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሆዱ ተኝቶ ሰነበተ። እንግዳ ሲመጣ እሱን ተራምዶ ነው የሚቀመጠው። ዘንጉ በሚወጣበት ቀዳዳ ውሃ እንዳይገባ ግራሶ ይሞላበታል፤ ግራሶው አለቀበትና የኔን ቫዝሊን ጠራርጎ ጨረሰው። የቤንዚኑ ጋን ወጥቶ በቦታው የመኪና ባትሪ ገባ። ባትሪው ከበዳትና አፍንጫዋ ሰማይ አየ። በምን ቢያስተካክለው ጥሩ ነው? በመጄ! በርበሬ የምደቁስበትን መጅ አፍንጫዋ ውስጥ ሸጎጠው።

"መጄን አምጣ!"

"ሚዛን ነው። ከወጣ ትገለበጣለች።"

"እኔስ በርበሬዬን በምን ልፍጭ?"

"ወፍጮ ቤት ተዘጋ እንዴ?"

አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ ይሄን መለሰልኝ።

ሪሞቱ ድሮ ነዳጁን በትንሽ በትንሹ ነበር የሚከፍተው። እሱ በዛ ቦታ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠመ። ወይ ትሄዳለች፣ ወይ ትቆማለች፤ ቀስ የሚባል ነገር የለም። "አደጋ የለውም?" ስለው "ጀልባ ፍሬን የላትም" አለኝ፣ እንደ ትልቅ እውቀት።

እንግዲህ ውሃ ላይ ልትሞከር ነው። የቀበና ወንዝ ድንጋይ ብቻ ነው፣ አይሆንም። ከወሰን በላይ ግን፣ ጋራው ሥር፣ የተተወ ካባ አለ፤ ድንጋይ እየተፈለጠ ያለቀበት ትልቅ ጉድጓድ። ክረምት የሞላበት ውሃ ቶሎ አይደርቅም። እስከዛ መኪና አይገባም፣ ዳገትና ጭቃ ነው። ጀልባዋ ደግሞ በባትሪዋና በመጄ ከብዳ፣ አያትሽና ጓደኛው፣ እንደሱ ጡረተኛ የሆነ የድሮ ሾፌር፣ መያዣ ስለሌላት ከመሬት ሊያነሷት አልቻሉም። ታዲያ እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች የእድሩን ዕቃ ቤት ክፍቱን ሲያገኙት ምን ትዝ አላቸው? ቃሬዛው!

እኔ ከሸራው ጀርባ ዱላዬን እያወረድኩ ነው። አጠገቤ አለፉ፤ እግራቸውንም አልሰማሁ።

ጨርሼ ስዞር በሩ ገርበብ ብሏል። ገባሁ። ቃሬዛው የሚሰቀልበት ግድግዳ ባዶ ነው። ሳሎን ገባሁ። ጀልባዋ የለችም። አልጋዬ ላይ የነበረው ነጭ ጋቢዬም የለም። እሁድ ስብሰባ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ሰው ቢሞትስ? "ቃሬዛው የት ሄደ?" ሲሉኝ "ጀልባ ጭኖ" ልበል?

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ፣ እጄን አናቴ ላይ ጫንኩና "ወይኔ! ወይኔ ጉዴ! ገደለኝ!" እያልኩ ወጣሁ። አሁን ሆኜ ሳየው እኔስ መንገደኛ ብሆን ምን እል ነበር? ነጠላ ወገብ ላይ፣ እጅ አናት ላይ፣ ከፊት ደግሞ ጋቢ የለበሰ ቃሬዛ ዳገት ሲወጣ።

አስፋልቱ ጋ ስደርስ ከኋላቸው ሰው ተከትሏል። የታክሲ ረዳት ባርኔጣውን አውልቋል። መንገደኛ ሁለት ሰዎች የቃሬዛውን ባዶ እጀታ ይዘዋል፤ የኛ ሰው ሬሳ አልፎት ዝም አይልም፣ ተራውን ይሸከማል። ማነው የሞተው ብሎ ተሸካሚውን ፊት ለፊት የሚጠይቅም የለም፣ ነውር ነው። እርስ በርሱ ያንሾካሽካል እንጂ።

"ማነው ሰውዬው?"

"እንጃ። ረጅም ሰው ነው መሰለኝ።"

"ሳጥኑ እንዴት ነው እንዲህ የሾለው?"

"ከውጭ የመጣ ሳጥን ነዋ።"

"አሃ፣ ውጭ አገር ነው የሞተው!"

ይሄው ነው፣ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ "አሜሪካ ሞቶ ዛሬ ነው የገባው" ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። የጸሎት ቤት መዘምራን ከልምምድ ሲመለሱ አገኙንና ከኋላ ቀስ አድርገው መዝሙር ያዙ።

እኔ እየገፋሁ ወደ ፊት ልደርስ ስል ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ።

"አይዞዎት እማማ። ይረጋጉ።"

"ልቀቁኝ! ጀልባ ነው!"

"እሺ እማማ፣ እሺ።"

"ጀልባ ነው እኮ ነው የምላችሁ! ባሌ ነው ያመጣው!"

አንደኛዋ ለሌላዋ "ሐዘን ነው፣ ያስቀባጥራል" አለቻት። "አጥብቀሽ ያዣት፣ ራሷን እንዳትጥል።"

በዚህ መሐል ጎረቤቴ መጣች። በራችን ጥግ ሱቅ ያላት ስልጤ ናት፣ እኩያዬ፣ ከልጅነት ጀምሮ አብረን የኖርን። ከመገናኛ ዕቃ ገዝታ ስትወርድ እኔን በዛ ሁኔታ አየች። ቃሬዛውን አየች። የባሌ ሬሳ መስሏት ዘይቱንም ሳሙናውንም እዛው መንገድ ላይ ጣለችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"ያ ረቢ! ትናንት ሱቅ መጥቶ ክር ገዝቶኝ! አላህ ሶብሩን ይስጥሽ እህቴ!"

"አልሞተም! ያውልሽ ፊት ለፊት የተሸከመው!"

ቀና ብላ አላየችም። በእንባ ተሸፍናለች። እኔም አንዴ ስታለቅስ ሳያት፣ ማሪኝ አምላኬ፣ እንባዬ መጣ። ከብስጭት ነው። ሰው ግን ምኑን ይለያል?

ከሁሉ የከፋው ወዲህ ነው። ካባው ጋ ልንደርስ ስንል ሊቀመንበሩ ከዘመድ ቤት ሲመለስ አገኘን። ከነከረባቱ። ቃሬዛውን ከሩቅ ለየው፣ የእድራችን ነዋ፣ እግሩ በአረንጓዴ ቀለም የተቀባ። "የኛ አባል ሞቶ ሳልሰማ!" ብሎ ደነገጠ። ኮቱን ለሰው ሰጠና እጀታውን ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረገ። የመጨረሻውን ዳገት ጀልባዋን ተሸክሞ ያወጣት ቁልፌን የሚፈልገው ሰው ነው።

"አያቴ ምን አስቦ ነው ዝም ያለው?" ትዪኛለሽ። የጋራዥ ጩኸት አንድ ጆሮውን ዘግቶታል። በሌላው የሰማው መዝሙሩን ነው። ጓደኛው ደግሞ ከኋላ ሆኖ ትንፋሽ አጥሮት አፉ አይከፈትም። እና አያትሽ ምን እንዳሰበ ታውቂያለሽ? የሰፈር ሰው ሥራውን ሊያይ የመጣ መሰለው! ውሃው ዳር ሲደርሱ አስወረዳት። ባርኔጣውን አወለቀና ዞሮ ያን ሁሉ ሰው አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ። "ይሄን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።"

ብሎ ጋቢዬን ገፈፈው።

ቀይ ሆድ፣ ነጭ ጀርባ። መዘምራኑ መሐል ላይ አቆሙ። ጎረቤቴ አንገቴን ለቀቀችና ባሌን አየችው፣ ጀልባዋን አየች፣ እኔን አየችኝ። ሊቀመንበሩ ትከሻውን እያሻሸ "ይሄ ምንድነው?" አለ።

"በኤሌክትሪክ ናት" አለው አያትሽ።

ሰው ሊሰድበው አፉን ሳይከፍት ወደ ውሃው ገፋትና ሪሞቱን ተጫነ። እህህ፣ ምን ልበልሽ። ሄደች! ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ፣ ውሃውን እንደ መቀስ ለሁለት እየቀደደች ሄደች። ከኋላ አንዱ "ኧረ ሂጂልኝ!" አለ፣ አንዱ አጨበጨበ። እኔም፣ አልዋሽሽም፣ አንድ ጊዜ ልቤ ቁልፉን ረሳች። አያትሽ ጀርባው ቀና ብሎ ነበር። እንደዛ ቀና ሲል ካየሁት ቆይቻለሁ።

ጥሩ ነገር መች ይበረክታል። ወዲያ ማዶ ደርሳ ዞረችና ወደኛ መጣች። "አቁማት" አለው ጓደኛው። ተጫነ። አልቆመችም። ማጥፊያው ተጣብቋል። ደግሞ ተጫነ፣ ሪሞቱን በመዳፉ መታው። "ሽሹ! ፍሬን የላትም!" አለ። ሰው ተበተነ። ሊቀመንበሩ ኮቱን እየለበሰ ስለነበር አላያትም። ከውሃው ዘልላ እግሩ ሥር ጭቃው ላይ ወጣች፣ ፕሮፔለሯም ገና እየዞረች ጭቃውን ከጫማው እስከ ከረባቱ ረጨችው። በዛ ዝላይ መጄ ከአፍንጫዋ ተወርውሮ ውሃው ውስጥ ገባ። እስከዛሬ እዛው ነው።

ሊቀመንበሩ ጭቃውን ከዓይኑ ጠረገና እኔን ፈለገ። "እማማ፣ እሁድ እንገናኛለን" አለኝ።

ቃሬዛውን ይዘን ወረድን። እኔው ራሴ በሳሙና አጠብኩት፣ ሰቀልኩት። እስከ እሁድ ድረስ ከአያትሽ ጋር አልተነጋገርንም። እሱም አልተናገረኝም፤ ማጥፊያው ለምን እንደተጣበቀ ሲያጠና ነው የከረመው።

እሁድ ስብሰባው ላይ ሊቀመንበሩ መዝገቡን ዘርግቶ ተነሳ። "የሟች መሸከሚያ መጫወቻ ተጭኖበታል። ይሄ የሚሆነው ፊርማ ስለሌለ ነው። ቁልፉ ይመለስ" አለ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። እኔ ክሩን ከአንገቴ አወለቅኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ቁልፉን በሩ ላይ የተውኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ አልኩ።

"የሞተ ሰው የሚጻፈው እዚህ መዝገብ ላይ ነው?"

"አዎ እማማ።"

"መዝገቡ አንተ ጋ ነው የሚያድረው?"

"እኔ ጋ ነው።"

"በዛ ቀን የሞተ ሰው ተጽፏል?"

"አልተጻፈም።"

"ታዲያ ልጄ፣ አንተ የተማርከው ሰው፣ ማንን ተሸክመህ ነው ያን ዳገት የወጣኸው?"

መጀመሪያ የሳቁት ሴቶቹ ናቸው። ከዛ ወንዶቹ። ሊቀመንበሩ "እሱ ሌላ አጀንዳ ነው" አለ፣ ግን ጆሮው ቀላ። ተከራከሩ፣ ተከራከሩና ቁልፉ እኔው ጋ ይቆይ ተባለ። ነገር ግን በሩ ላይ ሁለተኛ ጓጉንቸር ይጨመር፣ የሱ ቁልፍ የእድሩ ጸሐፊ ጋ ይሁን አሉ። ይሄንን ድል ብለሽ እንዳትጽፊ። ጸሐፊው መገናኛ ነው የሚሠራው። አሁን አንድ ድስት ላወጣ ስል እሱ ታክሲ ተሰልፎ እስኪመጣ በር ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። አያትሽ ባትሪውን ለድንኳኑ መብራት ለእድሩ ሰጠ። ደግ ሆኖ እንዳይመስልሽ! ለጀልባዋ ቀለል ያለ ባትሪ አግኝቶ ነው።

ከስብሰባው ስመለስ ጎረቤቴ ሱቋ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ከዛ ቀን ጀምሮ ኩርፊያ ላይ ነበረች፤ ዘይቷ ፈስሷላ። ሳልፍ ዝም ትለኛለች ብዬ ነበር። ነጠላዬን ያዝ አደረገችኝ።

"ቁልፉን ወሰዱብሽ?"

"አልወሰዱም። ግማሹን ነው።"

"እሰይ። እንግዲህ ስሚኝ" አለችኝ። "ለናቴ እንኳ እንደዛ አላለቀስኩም። ለባልሽ የነበረኝን እንባ እዛ ዳገት ላይ ጨርሼዋለሁ። የምር ሲሞት አንዲት ጠብታ የለኝም፣ ወላሂ። ሂጂና ንገሪው፣ እንዳይሞት።"